ከጠርሙሱ በፊት ጥላው፦ የቃይጽን ፀሐይ በትንሽ ወጪ እንዴት እንከላከል?



በየዓመቱ የቃይጽ (የእስራኤል የሙቀት ወራት) መግቢያ ላይ ልጆቻችን ከጋን ወይም ከትምህርት ቤት አንድ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። በወረቀቱ ላይ ባለ ክፈፍ ኮፍያ፣ የውኃ መያዣ እና ክሬም ሃጋና፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ የልጁ ስም ተጽፎበት እንዲላክ ይጠየቃል። አንድ ልጅ ላለው ቤተሰብ ነገሩ ቀላል ነው። አራትና አምስት ልጆች ላሉት፣ ወላጆቹ ገና ኡልፓን ለሚማሩ ወይም በጽዳትና በፋብሪካ ሥራ በትንሽ ደመወዝ ለሚኖሩ ቤተሰብ ግን ያ ወረቀት በሌሎች ወጪዎች ላይ የሚደረብ ሌላ ወጪ ነው። አንዳንዱ ወላጅ ከምግቡ ቀንሶ ይገዛል። አንዳንዱ ደግሞ «እኛ ጥቁሮች ነን፣ ፀሐይ ምን ታደርገናለች?» ብሎ ወረቀቱን ያስቀምጠዋል።

ሁለቱም መንገድ ደግ አይመስለንም። ፀሐይን መከላከል የግድ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ሰዓትን ማወቅ፣ ጥላ መፈለግና ልብስን በአግባቡ መልበስ አብዛኛውን ሥራ ይሠራሉ፤ እነዚህንም ወላጆቻችን ከአገር ቤት ይዘዋቸው መጥተዋል። ቅባቱ የሚያስፈልገው ልብስና ጥላ ያልሸፈነውን ትንሽ ቦታ ለመጠበቅ ነው። በዚህ ጽሑፍ በቂርያት ማላኪ፣ በጌዴራና በያቭኔ ለሚኖሩ አዲስ ገቢ ቤተሰቦቻችን ነገሩን ከነሂሳቡ ለማስረዳት እንሞክራለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፀሐይዋ ያችው ናት፣ ኑሮው ግን ተለውጧል

ብዙ ሰዎች «የእስራኤል ፀሐይ ከኢትዮጵያ ፀሐይ ትበረታለች» ይላሉ። ሙቀቱን ከሆነ እውነት ነው። ቆዳንና ዓይንን የሚጎዳው ግን ሙቀቱ ሳይሆን አልትራ ቫዮሌት የሚባለው በዓይን የማይታይ ጨረር ነው። ይህ ጨረር ከባሕር ጠለል 1,000 ሜትር ከፍ ባሉ ቁጥር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትሆን ቂርያት ማላኪ ያለችው በዝቅተኛው ሜዳ ላይ ነው። በጎንደር አካባቢ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናት ላይ ትቆማለች፤ በእስራኤል አንድም ቀን አናት ላይ አትደርስም። ስለዚህ በጨረሩ ብርታት የደጋው ፀሐይ ከዚህኛው አያንስም፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለነበር ግን ጉዳቱ አልታወቀንም።

ታዲያ እዚህ ለምን እንጠንቀቅ? ምክንያቱ ብዙ ነው። በአገራችን ሐምሌና ነሐሴ ደመናና ዝናብ ናቸው። እዚህ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ዝናብም የለም ማለት ይቻላል። በሰኔ ወር ቀኑ ወደ 14 ሰዓት ይረዝማል፤ በጎንደር ረጅሙ ቀን 13 ሰዓት አይሞላም። አለባበሳችንም ተለውጧል። በአገር ቤት ገበሬው ጋቢውን ወይም ኩታውን ደርቦ፣ እናቶች ሻሻቸውን አስረው ነጠላቸውን ተከናንበው ይወጡ ነበር። እዚህ ልጆቻችን በአጭር ሱሪና እጅጌ በሌለው ሸሚዝ ይውላሉ፣ በኬይታና (የዕረፍት ጊዜ የልጆች መዋያ) ወደ መዋኛና ወደ ባሕር ይወሰዳሉ። አሸዋ ጨረሩን 15 በመቶ ያህል፣ የባሕር አረፋ ደግሞ 25 በመቶ ያህል ወደ ላይ ይመልሰዋል። ስለዚህ በያቭኔ አቅራቢያ ባለው በፓልማሂም የባሕር ዳርቻ ከጥላ በታች የተቀመጠ ሰው እንኳ ከሥር በኩል ጨረር ያገኘዋል። የባሕሩ ነፋስ ቀዝቀዝ ማድረጉም እንደ ደጋው ነፋስ ያታልላል።

ጥቁር ቆዳ ምን ያህል ይከላከላል?

ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን የሚባለው ቀለም ነው። ይህ ቀለም እውነተኛ መከላከያ ነው። በ1979 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛው የቆዳ ሽፋን መከላከያ መጠኑ 13 ያህል፣ የነጭ ሰው ደግሞ 3 ያህል መሆኑን ለክቶ አሳይቷል። በዚህም ምክንያት የቆዳ ካንሰር በጥቁር ሰዎች ላይ ከነጮች እጅግ ያነሰ ነው። ስለዚህ ማንም አዲስ ገቢ በፍርሃት ቤቱን ዘግቶ መቀመጥ የለበትም።

ይሁን እንጂ 13 ማለት በቂ ማለት አይደለም። የጤና ባለሙያዎች ቢያንስ 30 ይመክራሉ። ጥቁር ቆዳም በፀሐይ ይቃጠላል። እንደ ነጭ ቆዳ ስለማይቀላ ግን ወላጅ ሳያውቀው ያልፋል። ልጁ ቆዳው እንደሚለበልበው፣ እንደሚያሳክከው ወይም ውጥር እንዳለው ቢናገር፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ቆዳው ቢላጥ፣ ያ የፀሐይ ቃጠሎ ነው።

ሌላው ማወቅ ያለብን በጥቁር ሰዎች ላይ ሜላኖማ የሚባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር ሲነሣ ብዙውን ጊዜ በውስጥ እግር፣ በመዳፍ ወይም በጥፍር ሥር መሆኑን ነው። ብዙዎቻችን የምናውቀው ጃማይካዊው ዘፋኝ ቦብ ማርሊ በ1977 በእግር ጣቱ ጥፍር ሥር የተገኘበት ይኸው በሽታ ነበር፤ በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ። ይህ ዓይነቱ ካንሰር ከፀሐይ ጋር ያለው ግንኙነት ደካማ ስለሆነ ቅባት አያስቀረውም፤ ቶሎ ማየት ግን ሕይወት ያድናል። በወር አንድ ጊዜ ውስጥ እግራችንን፣ መዳፋችንንና ጥፍሮቻችንን መመልከት ምንም ወጪ የለውም። አዲስ ጥቁር ነጥብ፣ መልኩ የሚለዋወጥ ምልክት፣ በጥፍር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር ወይም የማይድን ቁስል ከታየ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

የዓይን ጉዳት ግን የቆዳ ቀለም አይመርጥም። በ2006 በተጠናቀቀው የኢትዮጵያ አገር አቀፍ የዓይን ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ የመጣው በዓይን ሞራ መሆኑ ታውቋል። ለዓይን ሞራ ዋናው ምክንያት እርጅና ቢሆንም ለረጅም ዓመታት የተጠራቀመ የፀሐይ ጨረርም አንዱ መንስኤ ነው።

ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለባቸው አሉ። ከአልቢኒዝም ጋር የተወለዱ ወገኖቻችን ቆዳቸው ሜላኒን ስለሌለው ወይም ስላነሰው ፀሐይ በቀጥታ ትጎዳቸዋለች፤ ለእነርሱ ቅባቱ እንደ መድኃኒት ነው። ሉፐስ የሚባል በሽታ ያለባቸው፣ እንዲሁም እንደ ዶክሲሳይክሊን ያለ አንቲባዮቲክ ወይም ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚባለውን የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ቆዳቸው ለፀሐይ ይበልጥ ይጋለጣል። መድኃኒት ስትወስዱ «ከፀሐይ ጋር ይስማማል ወይ?» ብላችሁ የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ጠይቁ።

የሰዓቱ ነገር፦ ከ10 እስከ 4 ወይስ ከ4 እስከ 10?

የጤና ሚኒስቴር በቃይጽ ወራት ከ10 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ከፀሐይ እንድንርቅ ይመክራል። በዚህ ምክር ላይ አዲስ ገቢዎች ሊሳሳቱበት የሚችል ነገር አለ። እዚህ አገር ሰዓት የሚቆጠረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእስራኤል 10 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው፤ የእስራኤል 4 ሰዓት (16:00) ደግሞ በእኛ 10 ሰዓት ነው። ቁጥሮቹ ያው ሆነው ቦታ ተለዋውጠዋል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር «ከ10 እስከ 4» ብሎ የተረዳ ወላጅ ልጁን በዋናው ፀሐይ አውጥቶ ሊመሽ ሲል ይሰበስበዋል። ስለዚህ ለሽማግሌዎቻችን ስናስረዳ «በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 4 እስከ 10» ብለን እንንገራቸው።

ሰዓት የሌለው ሰው የአባቶችን ዘዴ ይጠቀም። በአገር ቤት ሽማግሌዎች ጥላቸውን በጫማ እየለኩ ሰዓቱን ይናገሩ ነበር። ዛሬ የጤና ባለሙያዎች የሚያስተምሩትም ይህንኑ ነው፦ ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ከፀሐይ ሽሽ። የሰው ቁመት በራሱ ጫማ ከ6 እስከ 7 ነው። ጥላው ከዚህ ካነሰ ጨረሩ በርትቷል ማለት ነው። በሰኔ ወር አጋማሽ በቂርያት ማላኪ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋ ላይ የምትደርሰው በ12:45 ገደማ (በእኛ ከቀኑ 6:45) ነው። በዚያን ጊዜ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ጥላው 25 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይሆናል።

ይህ ለሥራ አይመችም የሚል ይኖራል። ሁሉንም ነገር ማስቀረት አይቻልም፤ ማሸጋሸግ ግን ይቻላል። ገበያ (ሹክ) በማለዳ መሄድ፣ ልጆችን ወደ መጫወቻ ቦታ ከ4 ሰዓት (16:00) በኋላ ማውጣት፣ የቢሮ ጉዳይን በጠዋት መጨረስ ምንም ሳንቲም አያስወጣም።

ጃንጥላችንን አንጣል

በአማርኛ ጥላ ስንል የዛፉንም ጥላ፣ በእጅ የሚያዘውንም ማለታችን ነው። በአገር ቤት ጃንጥላ ለዝናብ ብቻ ሳይሆን ለፀሐይም ነበር። በስግድ በዓል ቄሶቻችን በኢየሩሳሌም በደማቅ ጃንጥላዎች ሥር ቆመው ሲጸልዩ የሚያይ ሁሉ ይህን ያውቃል። እዚህ አገር ግን ብዙ ሰው ጃንጥላ (ሚትሪያ) የሚይዘው በዝናብ ብቻ ስለሆነ፣ አንዳንድ እናቶች በሐምሌ ፀሐይ ጃንጥላ ይዘው መሄድ እንደሚያሳፍራቸው ይነግሩናል። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ጥቅጥቅ ያለ ጨርቅ ያለው አንድ ጃንጥላ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል፤ በአንድ ወር ከሚያልቅ የቅባት ጠርሙስ ይልቅ ርካሽ ነው።

ስለ ልብስም እንዲሁ። የአንድን ልብስ ብርታት ለማወቅ ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት። ብርሃኑ በክሮቹ መካከል ወለል ብሎ ከታየ ጨረሩም ያልፋል። ጥብቅ ሽመና ያለው ልብስ ከስሱ፣ ጠቆር ያለ ቀለም ከነጭ የተሻለ ይከላከላል። ነጭ የጥጥ ካናቴራ ውኃ ሲነካው መከላከያነቱ በብዙ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልጆች በባሕር ውስጥ የሚለብሱት የዋና ሸሚዝ ካለ እርሱ ይመረጣል። ሲገዛ ትንሽ ሰፋ ያለውን ብታደርጉት ለሁለት ዓመት ይሆናል፣ ከዚያም ለታናሽ ይተላለፋል። ነጠላ ስስ ስለሆነ ደርባችሁ ልበሱት። ጋቢ በደንብ ይከላከላል፣ ግን በሻራቭ (በኃይለኛ ሙቀት) ቀን ሰውነትን ስለሚያግል ለሽማግሌዎች አይመከርም።

ኮፍያ ሲገዛ ዙሪያውን ክፈፍ ያለው ይመረጥ። ከፊት ብቻ ክፈፍ ያለው ኮፍያ ጆሮንና ማጅራትን አይሸፍንም። ሻሽ ማጅራትን ይሸፍናል እንጂ ፊትን ስለማያጠላ ጃንጥላ ቢጨመርበት መልካም ነው። የፀሐይ መነጽር ሲገዛ ዋጋው ሳይሆን «ዩ ቪ 400» የሚለው ምልክት ይታይ። ምልክቱ ያለበት ርካሽ መነጽር ውድ የሆነውን ያህል ይከላከላል። ጠቆር ብሎ ይህ መከላከያ የሌለው መነጽር ግን የዓይን ብሌን እንዲሰፋ ስለሚያደርግ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሕፃን ጋሪን በነጠላ ወይም በጋቢ ከዳር እስከ ዳር አትሸፍኑ። አየር ስለማይገባ ውስጡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይግላል። ጎኖቹን ክፍት አድርጋችሁ ከላይ ብቻ አጥሉለት።

የቅባቱ ሂሳብ

አሁን ወደ ጠርሙሱ እንምጣ። የባለሙያዎች ልክ እንደሚለው አንድ አዋቂ ሰው መላ ሰውነቱን በአግባቡ ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ያስፈልገዋል። ይህም በየሁለት ሰዓቱ፣ ከውኃ ከወጡም በኋላ ይደገማል። አባት፣ እናትና አራት ልጆች ወደ ባሕር ሄዱ እንበል። ለወላጆች ለእያንዳንዳቸው 30፣ ለልጆች ግማሹን 15 ብንይዝ አንድ ጊዜ ለመቀባት 120 ሚሊ ሊትር ይፈጃል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲደገም 240 ይሆናል። ባለ 200 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለአንድ ቀን እንኳ አልበቃም ማለት ነው። ብዙ ሰው ግን ጠርሙሱ እንዳያልቅ ብሎ በጥቂቱ ይቀባል፤ በጥቂቱ ሲቀባ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መከላከያ አያገኝም።

ይኸው ቤተሰብ እጅጌ ረጅም ሸሚዝ፣ ረጅም ሱሪና ባለ ክፈፍ ኮፍያ ቢለብስ ግን የሚቀረው ፊት፣ ጆሮ፣ አንገት፣ የእጅና የእግር ጀርባ ብቻ ነው። ለስድስቱ አንድ ጊዜ ለመቀባት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ይበቃል። ያው ጠርሙስ አሁን ከ6 ጊዜ በላይ ይቀባል። ጠርሙሱን ርካሽ ያደረገው ልብሱ ነው።

ሲገዛ ምን ይታይ?

1. ሜቃዴም ሃጋና (ኤስ ፒ ኤፍ) 30 ወይም 50 ይበቃል። ባለ 30 ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን፣ ባለ 50 ደግሞ 98 በመቶ ያህሉን ያግዳል። ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ለቁጥሩ ብቻ ብዙ ገንዘብ አትጨምሩ።

2. ከዩ ቪ ኤ ጨረርም የሚከላከል መሆኑ በጠርሙሱ ላይ መጻፉን፣ የሚያበቃበት ቀን አለማለፉን እዩ። በክፍት ማሰሮ ሥዕል ውስጥ «12 ኤም» ካለ ከተከፈተ በኋላ ለ12 ወር ያገለግላል ማለት ነው።

3. ዋጋ ስታወዳድሩ የጠርሙሱን ዋጋ ሳይሆን የ100 ሚሊ ሊትሩን ዋጋ ተመልከቱ። በትልልቅ መደብሮች ይህ ዋጋ በመለያው ላይ በትንሹ ይጻፋል። የመደብሩ የራሱ ምልክት ያለው ቅባት ብዙ ጊዜ ከታዋቂው ይረክሳል። ለፊት ብቻ ተብሎ በትንሽ ዕቃ የሚሸጠው ደግሞ በ100 ሚሊ ሊትር ሲሰላ በጣም ይወደዳል።

4. የ«ልጆች» ቅባት ገዝቶ ቤተሰቡ በሙሉ ሊቀባው ይችላል። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ መግዛት አያስፈልግም።

5. ዚንክ ወይም ቲታኒየም ያላቸው አንዳንድ ቅባቶች በጥቁር ፊት ላይ ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ልጆቻችን በጓደኞቻቸው ፊት ስለሚያፍሩ ጠርገው ይጥሉታል። ከመግዛታችሁ በፊት በእጃችሁ ጀርባ ላይ ሞክሩት፤ ልጁ የማይቀባው ቅባት በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው።

6. ቅቤ፣ ቫዝሊንና የወይራ ዘይት ቆዳ ያለሰልሳሉ እንጂ ከፀሐይ አይከላከሉም። ቆዳ ያነጣሉ ተብለው የሚሸጡ ቅባቶችንም ከዚህ ጋር አታምታቱ። ከእነዚህ መካከል ሜርኩሪ ወይም ኃይለኛ መድኃኒት ያለባቸው ስላሉ ቆዳን ይጎዳሉ፣ የተፈጥሮ መከላከያውንም ያሳጣሉ።

ሕፃናትና የጠዋት ፀሐይ

እናቶቻችን ሕፃን አጥበውና ቀብተው በጠዋት ፀሐይ ማሞቅ ልማዳቸው ነው። ልማዱ መሠረት አለው፤ ሰውነት ለአጥንት የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በፀሐይ ነው። ጥቁር ቆዳ ይህን ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በአገር ቤት ቀኑን ሙሉ በደጅ የምትውል እናት እዚህ በአፓርታማ ውስጥ ወይም በፋብሪካ ጣሪያ ሥር ትውላለች። በ1995 በእስራኤል የታተመ ጥናት ከኢትዮጵያ በመጡ ሴቶች ዘንድ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት እንደሚገኝ፣ በእርግዝናና በማጥባት ጊዜም እንደሚብስ አመልክቷል።

ስለዚህ ለሕፃናት ሁለት ነገር እንያዝ። አንደኛ፣ በቲፓት ሃላቭ የሚታዘዘውን የቫይታሚን ዲ ጠብታ ሳታቋርጡ ስጡ። የጤና ሚኒስቴር ለማንኛውም ሕፃን እስከ አንድ ዓመቱ በየቀኑ 400 ዩኒት እንዲሰጥ ያዛል። ሁለተኛ፣ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የፀሐይ ቅባት አይቀባም፤ በጥላ ይጠበቃል። ለነፍሰ ጡርና ለሚያጠቡ እናቶች የደም ምርመራና ጠብታ ያስፈልግ እንደሆነ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከእኛ የሚጠበቀው ይህ ነው፤ ከሌሎችስ?

እስካሁን ያልነው በቤት ውስጥ የሚደረገውን ነው። ነገር ግን ልጆች ቀኑን የሚያሳልፉበት ግቢ ጥላ ከሌለው፣ አባት በፀሐይ ላይ ቆሞ የሚሠራ ከሆነ የቤተሰቡ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም። ጠይቆ ማግኘትም መብት ነው።

ከጋንና ከትምህርት ቤት። ቅባቱን ለመግዛት የማትችሉ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቅሩ። ለጋኑ መምህርት ወይም ለወላጆች ኮሚቴ (ቫአድ ሆሪም) ንገሩ። ወላጆች ተባብረው በጋራ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ቢገዙ ወጪው ለሁሉም ይቀንሳል። ቋንቋው ካስቸገራችሁ የእኛን ሰው አስተርጓሚ (ሜጋሼር) ይዛችሁ ሂዱ። ልጆች በቀን መካከል ወደ ደጅ በስንት ሰዓት እንደሚወጡም መጠየቅ ትችላላችሁ።

ከአሠሪ። በእርሻ፣ በግንባታና በመንገድ ጽዳት ለምትሠሩ፣ በ1997 የወጣው የሥራ ደኅንነት ደንብ አሠሪው ለሥራው አደጋ የሚስማማውን የመከላከያ ዕቃ ለሠራተኛው እንዲያቀርብ ያዛል። ኮፍያ፣ እጅጌ ረጅም ልብስና የመጠጥ ውኃ ስትጠይቁ ልመና አይደለም።

ከማዘጋጃ ቤት (ኢሪያ)። በመጫወቻ ቦታ ላይ የተቀደደ የጥላ መረብ፣ በአውቶቡስ ማቆሚያ ጥላ አለመኖሩ፣ የደረቀ ዛፍ፣ እነዚህ ሁሉ በስልክ ቁጥር 106 ሊነገሩ ይችላሉ። የጥሪያችሁን ቁጥር ተቀብላችሁ ጻፉት። በጥር 2022 የእስራኤል መንግሥት እስከ 2040 ድረስ በከተሞች 450,000 ዛፎች እንዲተከሉ ወስኗል። ዛፎቹ በሀብታሞች ሰፈር ብቻ እንዳይተከሉ በየሰፈራችን ያለን ነዋሪዎች መጠየቅ አለብን። ቂርያት ማላኪ በ1951 ስትመሠረት የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት በዚህችው ፀሐይ ሥር ነበር የኖሩት፤ ዛሬ የምናርፍበትን ዛፍ የተከሉት እነርሱና ልጆቻቸው ናቸው። በጌዴራ በሻፒራ ሰፈርም የእኛ ሽማግሌዎች በጋራ የአትክልት ቦታ እየቆፈሩና እየተከሉ ባዶውን መሬት መዋያ አድርገውታል። እንዲህ ያለ ሥራ ለሌሎችም ሰፈሮች አርአያ ይሆናል።

ከኩፓት ሆሊም። ከጥር 1995 ጀምሮ በሚሠራው የብሔራዊ ጤና መድን ሕግ መሠረት ማንኛውም የአገሩ ነዋሪ መድን አለው፤ የቆዳ ሐኪም ምርመራም በዚያ ውስጥ ነው። ተጨማሪ መድን ካላችሁ በኩፓቱ መድኃኒት ቤት በቅባት ላይ ቅናሽ (ሃናሃ) እንዳለ ጠይቁ። በ1952 የተመሠረተው የእስራኤል የፀረ ካንሰር ማኅበርም በየዓመቱ በቃይጽ መግቢያ ስለ ቆዳ ካንሰር ትምህርት በሚሰጥበት ሳምንት በተለያዩ ከተሞች ነጻ ምርመራ ያዘጋጃል። ቀኑና ቦታው ሲነገር ለጎረቤቶቻችሁም አሰሙ።

ከመንግሥት ደግሞ ዋጋው ይታሰብበት እንላለን። በእስራኤል ፍራፍሬና አትክልት ከማዓም (ከተጨማሪ እሴት ታክስ) ነጻ ናቸው፤ የፀሐይ ቅባት ግን ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነውን ታክስ ይከፍላል። በአውስትራሊያ መጠኑ 15 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ከእንዲህ ዓይነቱ ታክስ ነጻ ነው። በኔዘርላንድ በ2023 በትምህርት ቤቶችና በመናፈሻዎች ማንም በነጻ የሚቀባው ቅባት ተቀምጧል። በታንዛንያ በሞሺ ከተማ ደግሞ ከአልቢኒዝም ጋር ለሚኖሩ ሰዎች ቅባቱ በአገር ውስጥ ተሠርቶ በነጻ ይታደላል። ሌሎች አገሮች ያደረጉትን እዚህም መጠየቅ ይቻላል።

ሙቀት ሲበረታ

በሻራቭ ቀን ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፤ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ጥማታቸውን ቶሎ አይናገሩም። ሰውነቱ እጅግ የጋለ፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካያችሁ ወደ ጥላ ወስዳችሁ በውኃ አቀዝቅዙትና ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በ101 ደውሉ።

በመድኃኒት ቤት (ቤት ሜርካሃት) የሚጠቅሙ ቃላት

ክሬም ሃጋና፦ የፀሐይ መከላከያ ቅባት
ሜቃዴም ሃጋና፦ የመከላከያ መጠን (30፣ 50)
ኮቫ፦ ኮፍያ
ሚትሪያ፦ ጃንጥላ
ጼል፦ ጥላ
ሚሽካፌ ሼሜሽ፦ የፀሐይ መነጽር
ሮፌ ኦር፦ የቆዳ ሐኪም
ሃናሃ፦ ቅናሽ
ሚቭጻ፦ ልዩ የዋጋ ቅናሽ
ሂናም፦ ነጻ፣ ያለ ክፍያ

እናቶችና አባቶች፣ ይህን ገጽ ቆርጣችሁ በማቀዝቀዣችሁ በር ላይ ለጥፉት። ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎች ልጆች ያንብቡላቸው፤ የሰዓቱን ጉዳይ በተለይ ደጋግማችሁ አስረዱ። የዘንድሮው ወረቀት ከጋን ሲመጣም መጀመሪያ ኮፍያውንና ሸሚዙን አዘጋጁ፣ ከዚያ የቀረውን ቆዳ ለክታችሁ ቅባቱን ግዙ።

መልካም የቃይጽ ወራት እንመኝላችኋለን።